ጎኔ ላይ ቱቦ፣ እግሬ ስር ጠርሙስ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ደሴ ሙጋድ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ግራ ጎኔ ላይ ቱቦ ገብቶልኛል። የመጀመሪያው ቱቦ ብቻ ነበር። ሁለተኛው አዲስ አበባ ሄጄ፣ በካሜራ ከሚሠራ የሳንባ ኦፕራሲዮን ጋር። ስለ ኦፕራሲዮኑ ብዙ የምነግራችሁ የለኝም፣ ተኝቼ ነበር። ስለ ቱቦውና ስለ ጠርሙሱ ግን ብዙ አለኝ፣ ቀንም ሌሊትም አብረን ነበርና።

ሰው ኦፕራሲዮኑን ሲፈራ ይከርማል። ሲነቃ የሚጠብቀው ግን ሌላ ነው። ጎኑ ላይ የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው ቱቦ ተሰክቷል፣ አልጋው ስር ጠርሙስ ተቀምጧል፣ ጠርሙሱ ውስጥ ደም የመሰለ ውሃ አለ፣ በሳለ ቁጥር ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ደህና ነው? አይደለም? ሐኪሞቹ ራውንድ ላይ አየት ያደርጉትና በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ተባብለው ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋሉ። አስታማሚው ደግሞ ከታማሚው ብሶ ፈርቷል። እኔም እንደዚያው ሆኜ ነው የከረምኩት፣ እስክለምደው። ያ ጠርሙስ የሚለው ነገር አለ። ምን እንደሚል ካወቃችሁ የፍርሃቱ ግማሽ ይለቃችኋል።

አጀማመሬ እንዲህ ነው። ቁመቴ ረጅም ነው፣ ሥጋ የሚባል የለኝም፤ ሰፈር ውስጥ ባሕር ዛፍ ነው የሚሉኝ። አንድ ጠዋት የሱሪ እግር እያጠፍኩ ሳለ ግራ ደረቴን ውግት አደረገኝ። ብርድ ነው አልኩ። ደሴ ነው ያለነው፣ እዚህ ጥርስ ቢታመምም ብርድ ነው። እማዬ ዳማከሴ ጨመቀችልኝ፣ ጎኔን በቅቤ አሸችኝ። ማታ ወደ ቤት ስገባ ግን በየቀኑ የምወጣው ዳገት ላይ ሦስት ጊዜ ቆምኩ። በማግስቱ ኤክስሬይ ስነሳ ግራ ሳንባዬ በፈላ ውሃ እንደታጠበ ሱፍ ጥቅልል ብሏል።

"አየር ከሳንባህ ወጥቶ ደረትህ ውስጥ ተጠራቅሟል" ሲሉኝ አልገባኝም ነበር። በኋላ በሙያዬ ነው የገባኝ። ኮት ስሰፋ ጨርቁና ገበሩ ልጥፍ ብለው እንዲቀመጡ ነው የምፈልገው። ሳንባም ገበር አለው። አንዱ ስስ ሽፋን ሳንባውን ለብሶታል፣ ሌላው የደረትን ግድግዳ ከውስጥ ለብሶታል፣ በመሃላቸው ከጥቂት ፈሳሽ በቀር ምንም የለም። የኔ ሳንባ አናቱ ላይ እንደ ፊኛ ያበጡ ስስ ቦታዎች ነበሩት። አንዱ ፈነዳ። አየሩ በጨርቁና በገበሩ መሃል ገባና ሳንባውን ገፋው። ረጃጅምና ቀጫጭን ወጣት ወንዶች ላይ ይበዛል አሉኝ። ሲጋራ ደግሞ ያብሰዋል። አጫሽ ነበርኩ፣ አልዋሽም። በአዘቦት ሁለት ሦስት፣ በርጫ ላይ ስቀመጥ ግን አንዱን በአንዱ እያቀጣጠልኩ።

ያኔ ቱቦ ተደረገልኝ፣ ሳንባዬ ተነፋ፣ በስድስተኛው ቀን ወጣሁ። ከሦስት ሰው አንዱ ላይ ግድም ይመለሳል ብለውኝ ነበር። ሁለቱ ውስጥ ነኝ ብዬ ተጽናናሁ። በስምንተኛው ወር ተመለሰ። አሁን ቱቦ ብቻ አይበቃም፣ ቀዳዳው መዘጋት አለበት ተባለና ሪፈር ተጽፎልኝ አዲስ አበባ ሄድኩ።

ኦፕራሲዮኑን ባጭሩ ልንገራችሁ። ብብቴ ስርና ጎኔ ላይ ሦስት ቀዳዳ። ትልቁ 3 ሳንቲሜትር ቢሆን ነው። በአንዱ ካሜራ ይገባል፣ በሌሎቹ መሣሪያ። የጎድን አጥንት አይከፈትም፣ በአጥንቶቹ መሃል ነው የሚገባው። ሲሠሩ ያን ጎን ሳንባ ያሳርፉትና በሌላኛው ብቻ ያስተነፍሱሃል። ያበጠውን ጫፍ ቆርጠው ሚስማር በሚመስሉ ጥቃቅን ብረቶች ሰፉት፤ ብረቶቹ እዚያው ይቀራሉ። ከዚያ የደረቴን ገበር ከውስጥ ፈገፈጉት፣ እንዲቆስልና ሲድን ከሳንባው ጋር እንዲጣበቅ። ገበርን ከጨርቅ ጋር አጣብቆ መስፋት በኛ ቤት የሰነፍ ሥራ ነው፣ እዚያ ግን መድኃኒት ሆነ።

አሁን ወደ ጠርሙሱ።

ጠርሙሱ ውስጥ እነሱ የጨመሩት ንጹህ ውሃ አለ። ከጎናችሁ የሚመጣው ቱቦ ክዳኑ ላይ ካለ ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ጋር ይገጥማል፣ የዘንጉ ጫፍ 2 ሳንቲሜትር ያህል ውሃው ውስጥ ጠልቋል። ዘዴው በቃ ይኸው ነው። ከደረት የሚወጣ አየር ውሃውን ሰንጥቆ ይወጣል፣ የውጭው አየር ግን ውሃው ስለዘጋበት ተመልሶ አይገባም። ወደ አንድ በኩል ብቻ የሚከፈት በር በሉት።

ዘንጉን እዩት። ስትተነፍሱ ውስጡ ያለው ውሃ ይንቀሳቀሳል። አየር ስትስቡ ከፍ ይላል፣ ስታስወጡ ዝቅ ይላል። እኔ መጀመሪያ ሳየው ደንግጬ ትንፋሼን ያዝኩ፣ እሱም ቆመ፤ ለቀቅኩ፣ ወረደ። ልክ እንደ ልጅ ስጫወትበት አመሸሁ። ያ መወዛወዝ ጥሩ ምልክት ነው፣ ቱቦው ክፍት ነው ማለት ነው። በድንገት ቀጥ ካለ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ሳንባው ሙሉ ለሙሉ ተነፍቶ ቱቦውን ሞልቶታል፣ ይህ ደስ ይላል፤ ወይ ቱቦው ታጥፏል ወይም ተደፍኗል። እኔ ዘንድ አንድ ሌሊት ቆመና ወንድሜ ሲስተር ሊጠራ ሊሮጥ ሲል፣ ለካ ተኝቼበት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከስራችሁ እዩ። ታጥፎ ካልሆነ ግን ንገሩ፣ አትጠብቁ።

ቀጥሎ አረፋው። ቡልቅ የሚለው አየር ነው፣ ሳንባው ላይ ገና ያልደፈነ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን ቢኖር አይግረማችሁ። ዝም ብላችሁ ስትተነፍሱም የሚል ከሆነ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ነው፣ ስትስሉ ብቻ ከሆነ ትንሽ ነው። የኔ በመጀመሪያው ቀን በየትንፋሹ፣ በሁለተኛው ስናገር፣ በሦስተኛው ስስል ብቻ፣ በአራተኛው ጸጥ። ቀድሞ ጸጥ ብሎ የነበረ ጠርሙስ ድንገት መንተክተክ ከጀመረ ግን ይነገራል፣ የሆነ ቦታ ላልቶ ወይም ቱቦው ወጣ ብሎ ሊሆን ይችላል።

አጠገቤ የተኙ የአምባሰል ሰው የሆኑ አባት ነበሩ። የሳቸው ሕመም ሌላ ነው፣ ከውሻ የሚመጣ ትል ሳንባ ላይ የሚያበቅለው ውሃ የቋጠረ እጢ፣ በግ አርቢ ናቸው። በካሜራ ሳይሆን ተከፍተው ነው የተሠሩት። የሳቸው ጠርሙስ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቡልቅ ሲል ከረመ። ከአምስት ቀን ካለፈ ዘግይቷል ነው የሚሉት፣ ግን አብዛኛው ቆይቶ ራሱ ይደፍናል፣ እንደገና ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ጥቂቱ ነው። እኔ በአራተኛው ቀን ጸጥ ሲልልኝ አፈርኩ እንዴ ልበል፣ ደስታዬን ደበቅኩ። እሳቸው ግን ወደ ጠርሙሴ ዞር ብለው "አብሽር፣ ያንተ ተኛ፤ የኔ ገና ቡና ላይ ነው" አሉኝ። ሳቅኩ፣ ሳቄ ስፌቴን ወጠረው፣ አለቀስኩ።

ቀለሙም ይነበባል። መጀመሪያ ቀይ ነው፣ ያ የሚጠበቅ ነው። በማግስቱ ይገረጣል፣ ከዚያ ብርዝ ይመስላል። ወደ ብርዝ መሄዱ ነው የሚፈለገው። ቀልቶ የነበረው ገርጥቶ ሳለ ተመልሶ ትኩስ ደም ከሆነ፣ ወይም ወተት የመሰለ ነገር ከመጣ፣ ወይም መግል ከመሰለና ከሸተተ፣ በሌሊትም ቢሆን ሲስተር ይጠራ። መጠኑን የሚለኩት ጠርሙሱ ጎን ላይ በለጠፉት ነጭ ፕላስተር ነው፣ በየጊዜው ሰዓት ጽፈው ያሰምሩበታል። ወንድሜ እሱን ስልኩ ላይ ፎቶ ያነሳው ነበር፣ ጠዋትና ማታ። ሲስተሮች ሲቀያየሩ "ትናንት ስንት ነበር?" ሲባል መልስ ነበረን። ይህን ከልቤ እመክራለሁ።

ጠርሙሱ ሁልጊዜ ከደረት በታች ይሁን። ሁልጊዜ። ከፍ ካለ ውስጡ ያለው ወደ ደረት ይመለሳል። ይህን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ ትሉ ይሆናል። አለ። ካለፍኩባቸው ቦታዎች በአንዱ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ ለኤክስሬይ በአልጋ ሲገፉኝ የሚገፋው ልጅ ጠርሙሱን አንስቶ ሆዴ ላይ አስቀመጠልኝና "ያዘው" አለኝ። ይዤ ሄድኩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ እንዳይደፋ ብለው ቱቦውን መቀስ በሚመስል መቆንጠጫ ቆልፈው ወሰዱኝ፣ ኮሪደር ላይ ተራ ስንጠብቅ ረሱት። አየሩ መውጫ ሲያጣ ደረቴ እየጠበበ፣ ላብ እያጠመቀኝ መጣ። ወንድሜ ጮኾ ነው የተከፈተው። አየር ገና እያመለጠ ያለን ቱቦ መቆለፍ አደገኛ መሆኑን በኋላ ሌላ ሐኪም ነገረኝ። ስለዚህ "ለምን ቆለፋችሁት?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። እኛ ሐበሾች ሐኪም ቤት ስንገባ ይሉኝታችን ይብሳል። ቱቦው ያለው እናንተ ጎን ላይ ነው።

የሦስተኛውን ሌሊት ልንገራችሁ። ሽንት ቤት ልሄድ ተነሳሁ። ወንድሜ ወለሉ ላይ ተኝቷል፣ እንቅልፉን አዝኜለት አልቀሰቀስኩትም፣ ጠርሙሱን በቀኝ እጄ አንጠልጥዬ እግሬን ሳወርድ ቱቦው የአልጋው ብረት ላይ ተጠምጥሞ ኖሯል። ሄድኩ፣ ሳበኝ፣ "ጭስ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። መገጣጠሚያው ተለያይቷል። ግማሹ ከኔ ጋር፣ ግማሹ ከጠርሙሱ ጋር። ደረቴ በቱቦው በኩል አየር ሲስብ ይሰማኛል። ያዳነን ሲስተሯ በመጀመሪያው ቀን ያለችን ነው። አልጋው ስር የተከፈተ የሴላይን፣ የንጹህ ጨው ውሃ፣ ጠርሙስ አስቀምጣ፣ "ቢለያይ የቱቦውን ጫፍ እዚህ ውስጥ ንከሩት፣ ከዚያ ጥሩኝ" ብላን ነበር። እኔ የጮህኩት "ሴላይን!" ብዬ ነው። ወንድሜ ዓይኑን ሳይገልጥ ነከረው። ቡልቅ አለ። መጣች፣ አዲስ ጠርሙስ ገጠመች፣ መገጣጠሚያውን በፕላስተር ዙሪያውን አሰረችው፣ እኔንም ወንድሜንም ተቆጣችን። ቱቦው ከጠርሙሱ ሳይሆን ከጎናችሁ ጭራሽ ከወጣ ደግሞ ሌላ ነው፤ ቀዳዳውን ወዲያው በንጹህ ጎዝ በእጅ ሸፍኖ ይዞ መጮኽ ነው። መልሶ ለመክተት እንዳትሞክሩ። ሽንት ቤት ስትሄዱ አስታማሚውን ቀስቅሱት፣ ለዚሁ ነው የመጣው።

ስለ ሕመሙ። በካሜራ ነው ሲባል የማያም መስሎኝ ነበር። ያማል። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ግን ቱቦው በጎድን አጥንቶች መሃል ነው ያለው፣ እዚያ ደግሞ ከእያንዳንዱ አጥንት ስር ነርቭ ያልፋል። በዚያ ላይ የኔ ገበር ተፈግፍጓል። የሚገርመው ትከሻዬን ነበር ያመመኝ፣ ማንም ሳይነካው። ቱቦው ውስጥ ሲነካካ ትከሻ ላይ ሊሰማ ይችላል አሉኝ፤ ሲወጣ አብሮ ጠፋ። መድኃኒቱን በሰዓቱ ውሰዱ፣ እስኪያማችሁ አትጠብቁ። ጀግንነት እዚህ ቦታ ዋጋ የለውም፤ ያመመው ሰው በደንብ አይተነፍስም፣ አክታውን አያወጣም፣ ሳንባው ስር አክታ ይተኛና የሳንባ ምች ያመጣል። እኔን ያከሙኝ ዶክተር ብሩፌን ከልክለውኛል፣ ገበሩ እንዲጣበቅ መቆጣቱን እንፈልገዋለን ብለው፤ እናንተ የራሳችሁን ጠይቁ። ማስታገሻው ትራማዶል ደግሞ ሆድ ያደርቃል። አራት ቀን ሳልቀመጥ ቆይቼ፣ በመጨረሻ ተልባ ነው የገላገለኝ፣ እማዬ በስልክ አዛ። ምጥ ለደረቴም ለስፌቴም ከሳል የባሰ ነበር፣ ቀድማችሁ ጀምሩት።

ሳል ሲመጣ ትራስ ጎናችሁ ላይ ጥብቅ አድርጋችሁ እቀፉ። ከዚያ ሳሉ። ትራስ ካጣችሁ የተጠቀለለ ጋቢ ይሆናል፣ እኔ ጋቢ ነው የተጠቀምኩት። ሦስት ኳስ ያላት የፕላስቲክ መለማመጃ ይሰጧችኋል ወይም ግዙ ይላሉ። እሷን እኔ ግማሽ ቀን ሙሉ ስነፋት ዋልኩ፣ ኳሶቹ ንቅንቅ አይሉም፣ ሳንባዬ አልቆለታል ብዬ ዝም ብዬ ተኝቼ ሳዝን አንድ ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም፣ መጥቶ ሳቀ። ለካ አይነፋም፣ ይሳባል። አፍ ላይ አድርጋችሁ በቀስታ ወደ ውስጥ ሳቡ፣ ኳሱ ሲወጣ ትንሽ ያዙት። በየሰዓቱ አሥር ጊዜ ነው ያሉኝ። መጀመሪያ አንድ ኳስ፣ ስወጣ ሁለት፣ ሦስተኛዋን ደሴ ገብቼ ነው ያነሳኋት።

መራመድም አለ። በማግስቱ ጠዋት አስነሱኝ። በአንድ እጅ ጠርሙስ፣ በአንድ እጅ የወንድሜ ትከሻ፣ ኮሪደር ላይ ከዳር እስከ ዳር። ደም እግር ላይ እንዳይረጋም ይጠቅማል። እንቅልፍ ግማሽ ቁጭ ብሎ ነው፣ ጀርባን ወደ 45 ዲግሪ ከፍ አድርጎ። ጠፍጣፋ ተኝቼ መነሳት ያቃተኝ ጊዜ ወደ ደህናው ጎን ተንከባልሎ በክንድ ገፍቶ መነሳትን ሲስተሯ አስተማረችኝ።

አምስተኛው ቀን ኤክስሬይ ተነሳሁ። ሳንባው ተነፍቷል፣ አረፋ የለም፣ ፈሳሹ ቀንሷል። "ይወጣል" አሉ። አሁን የምነግራችሁን ልብስ ሰፊ ካልሆነ ሰው አትሰሙም። ቱቦው ሲገባ በዙሪያው ክር አስገብተው፣ ሳይቋጥሩት፣ ጫፎቹን ረዘም አድርገው በፕላስተር ለጥፈውት ነበር። ምን እንደሆነ ስንት ቀን ሳስብ ከረምኩ። የዛን ቀን መስታወት ተቀብዬ አየሁት፤ የከረጢት አፍ ስፌት ነው። እኔ የዱቄት ከረጢት አፍ ላይ የምሰፋው፣ ክሩን ስትስበው አፉ የሚሰበሰበው። ለካ ቱቦው ሲወጣ ያችን ክር ስቦ ቀዳዳውን ሊዘጋባት ነው። አንዱ ቱቦውን ያዘ፣ አንዱ ክሩን። "በደንብ ሳብ፣ ያዝ፣ እንደ ማማጥ ግፋ" አሉኝ። እዚያው በፊት ሁለት ሦስቴ አለማመዱኝ። ከዚያ ሽው። እንደ እባብ ከውስጤ ሲወጣ ተሰማኝ፣ አቃጠለኝ፣ እስከ ሦስት ሳትቆጥር አለቀ። ክሩ ተሳበ፣ ተቋጠረ። አሳሳቡን አየሁት፣ ንጹህ ሥራ ነው። ሕመም መድኃኒቱን ከግማሽ ሰዓት በፊት እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፣ ልዩነት አለው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሌላ ኤክስሬይ አነሱኝ፣ ሳንባው ቦታው ላይ መሆኑን ለማየት።

ቶሎ ወደ ደሴ አትሂድ ተባልኩና አየር ጤና አክስቴ ቤት ዐሥር ቀን ተቀመጥኩ። ስሙ ራሱ ያሽላል። ቱቦው የወጣበት ቀዳዳ ሁለት ቀን ያህል ብርዝ የመሰለ ውሃ ያፈስ ነበር፣ ፋሻውን ያረጥባል፣ ከዚያ ደረቀ። ክሩን በዐሥረኛው ቀን አወጡልኝ። ስለ ጉዞው ዶክተሩን ጠየቅኩ። ደሴ ከፍታዋ 2500 ሜትር ግድም ነው፣ አዲስ አበባም ብዙ አትርቅም፣ መንገዱ የሚያልፍበት ጣርማ በር ግን ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ኤክስሬይህ ንጹህ ስለሆነ በመኪና ሂድ፣ አውሮፕላን ግን ቀጠሮህ ላይ እስክናይህ ይቅር አሉኝ። ደረት ውስጥ የቀረ አየር ከፍታ ላይ ይሰፋል፣ ስለዚህ ነው። የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ውሃ ውስጥ ከመጥለቅ ግን እስከ መጨረሻው ተከለከልኩ። ሐይቅ ላይ ዓሣ ስበላ እንጂ ስጠልቅ የት አይታችሁኝ ነው ብዬ ሳቅኩ፤ ግን ይህን ሥራው ያደረገ ሰው ሊኖር ይችላልና ጻፍኩት።

400 ኪሎ ሜትር ነው መንገዱ። ጋቢዬን ጎኔና ቀበቶው መሃል አድርጌ፣ ደብረ ብርሃን ወርጄ ተራምጄ፣ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ተራምጄ። ሐረጎ ላይ ያ ጥምዝምዝ ሲጀምር በየኩርባው ጎኔን አቅፌ አገሬን ረገምኳት።

ቤት ስገባ ሌላ ፈተና። የወሎን ጠያቂ ታውቁታላችሁ። ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም መልስ ሰው ግር ብሎ ይመጣል፣ ዳቦ ይዞ፣ ቡና ይዞ፣ አንዱ ይመርቃል፣ አንዱ ዱዓ ያደርጋል። ፍቅሩ ያድናል። ጭሱ ነው የሚገድለው። ከሰሉ፣ እጣኑ፣ ጭሳጭሱ፣ ከአቦል እስከ በረካ። በመጀመሪያው ቀን ሳል ይዞኝ ጋቢዬን ጎኔ ላይ አጣብቄ ዓይኔ እስኪፈስ ሳልኩ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ የወይባ ጭስ ብትገባ ሰውነትህ ይጠግን ነበር አሉኝ፣ ከልባቸው ነው። እማዬ በማግስቱ ቡናውን ግቢ አወጣችው፣ እጣኑን ተወችው፣ ለመጣው ሁሉ "ሐኪም ነው ያለው" እያለች። እናንተም ሐኪም ነው ያለው በሉ፣ ማንም አይቀየምም። ሲጋራውን እስከ መጨረሻው ተውኩት። በርጫም አልቀመጥም፣ ጫቱ ሳይሆን አብሮት ያለው ጭስ ስለሚጠራኝ።

ሥራ የጀመርኩት በአምስተኛው ሳምንት ነው። አንድ ወር ከ5 ኪሎ በላይ እንዳላነሳ ተነግሮኝ ነበር። 20 ሊትር ጀሪካን በሉት፣ 20 ኪሎ ነው፣ እሱን እርሱት። የስፌት መኪናዬ የእግር ስለሆነች ክንዴን አላስቸገረችኝም። ያስቸገረኝ የከሰል ካውያው ነው፣ ክብደቱም ጭሱም፤ በእሱ ሱቅ የሚያግዘኝ ልጅ ይተኩሳል፣ በሩን ከፍቶ። ክንዳችሁን ግን አታሳርፉት። ሰው ጎኑን ሲያመው ክንዱን አጣብቆ ይይዛል፣ ትከሻው ይደርቃል። ግድግዳ ፊት ቆሜ በጣቶቼ እንደ ሸረሪት ወደ ላይ እየወጣሁ በኖራ ምልክት አደርግ ነበር፣ በየቀኑ ከትናንቱ ከፍ ለማድረግ። የእግር ጉዞውን ሆጤ ሜዳው ላይ ጀመርኩ፣ ደሴ ውስጥ ለጥ ያለ ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም። ዳገቱን በሦስተኛው ሳምንት ሞከርኩት፣ ሁለት ጊዜ ቆሜ።

ቤት ከገባችሁ በኋላ ድንገት ደረት ከወጋችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ፣ ወይም አንገትና ደረት ላይ ቆዳው አብጦ ስትነኩት ከስሩ ደረቅ ቅጠል እንደመርገጥ ከተንኮሻኮሸ፣ ዳማከሴ አትጨምቁ። ሐኪም ቤት ሂዱ፣ በዚያው ሌሊት። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመም እንዲሁ።

ማንም ያልነገረኝ የመጨረሻው ነገር መደንዘዙ ነው። ከቱቦው ቀዳዳ ጀምሮ ወደ ፊት እስከ ጡቴ ድረስ እንደ ቀበቶ የሆነ ቦታ ደነዘዘ። ጣት ሲነካው አይሰማም፣ ሸሚዝ ሲነካው ግን ያቃጥላል። እንዴት ሁለቱም ይሆናል? ይሆናል። ነርቩ ነው። ሁለት ወር ሲሞላኝ ጋባፔንቲን አዘዙልኝ፣ ማታ ማታ እየወሰድኩ ቃጠሎው ቀለለ። ከሸሚዙ ስር ለስላሳ ካናቴራ መልበስም ጠቅሞኛል፣ ስፌቱን ወደ ውጭ ገልብጬ። ያ ቀበቶ እያጠረ ነው። ይኸው ሙያዬ ነውና በሜትሬ እለካዋለሁ፤ በመጀመሪያው ወር 19 ሳንቲሜትር ነበር፣ በሦስተኛው 14፣ ባለፈው እሁድ ለካሁት፣ 8።